ፒዛ ቤት ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

(በራዲዮ ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት ተስተካክሎ የታተመ)

   

የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ፒዛ ነው። አንዲት የመቀሌ እናት የላኩልን ጥያቄ እንዲህ ይላል። «ኡስታዝ፣ ልጆቼ ፈተና በጨረሱ ቁጥር ፒዛ ቤት ውሰጂን ይሉኛል። አባታቸው ሥጋውም ፎርማጆውም አይታወቅም ብለው ከልክለዋል። ትልቁ ልጅ ግን ከጓደኞቹ ጋር እየሄደ እንደሚበላ ደርሼበታለሁ። ለአባቱ ብነግር ቤቱ ይታመሳል፤ ብደብቅ ደግሞ ልቤ አያርፍም። ከተማችን ውስጥ ለእኛ የሚሆነው ጥሩ ፒዛ ቤት የትኛው ነው?»

በመጀመሪያ የቤት ስም እንደማልጠራ ልንገራችሁ። ምግብ ቤት ማለት ሰው ነው። ጋጋሪው ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ይለወጣል፣ ሥጋ የሚያቀርበው ነጋዴ ይቀየራል። እኔ ዛሬ ያመሰገንኩትን ቤት ከስድስት ወር በኋላ ሄዳችሁ ሌላ ነገር ብታገኙ ተወቃሹ የኢማሙ ምስክርነት ይሆናል። ስለዚህ ጥሩውን ቤት ራሳችሁ እንዴት እንደምታገኙት እንነጋገር። ደግሞም የእኚህ እናት ትልቁ ጭንቀት ፒዛው አይመስለኝም፤ ልጁ ተደብቆ መብላቱ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ ያልተማረ ልጅ ወይ ሁሉንም ይተዋል፣ ወይ ሁሉንም ይበላል።

ፒዛ የናፖሊ ከተማ የድሆች ምግብ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎዳና ላይ እየተቆረሰ ይሸጥ ነበር። ቲማቲም፣ ነጭ ሞዛሬላና የእኛን በሶብላ የሚመስለው ቅጠል ያለበት ማርገሪታ፣ ስሙን ያገኘው በ1889 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ከጎበኘችው ንግሥት ማርገሪታ ነው ይባላል፤ ታሪኩን የሚጠራጠሩ ጸሐፊዎችም አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የናፖሊን የፒዛ ጋጋሪዎች ሙያ በቅርስነት መዝግቧል። የሚገርመው በዚያው ዓመት ጎረቤታችን አሥመራም በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ አንደበታችን ራሱ ይመሰክራል። «ፉርኖ ዱቄት» ስንል ፎርኖ ከሚለው የጣሊያን ቃል ነው፤ ምድጃ ማለት ነው። ፓስታው፣ ማካሮኒው፣ ላዛኛው፣ ማኪያቶው፣ ፎርማጆው፣ በትግርኛ ዳቦውን ባኒ የምንለው ሳይቀር ከዚያው ነው። ጣሊያን አሥመራን ከ1889 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ይዞ ቆይቷል። መቀሌንም አንድ ጊዜ ከዐድዋ ጦርነት በፊት ለአጭር ጊዜ፣ ሁለተኛ ከ1935 እስከ 1941 ይዟታል። በጠላትነት መጥቶ ምድጃውን ትቶ ሄደ። ታዲያ «የፈረንጅ ምግብ ስለሆነ አይበላም» የሚሉ አባቶች ጠዋት ማኪያቶ ሲያዝዙ አያለሁና ይህን ምክንያት እንለፈው።

ሌላው ሰበብ ቅብጠት ነው የሚለው ነው። በሌላ ከተማ ብሆን ምናልባት እስማማ ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ከተጀመረ በኋላ፣ በተለይም ከሰኔ 2013 ጀምሮ ባንኩ፣ ስልኩ፣ መብራቱና ነዳጁ ተቋርጦ በኖርንበት ዘመን፣ ስንቱ ቤት ዱቄት ብርቅ እንደነበረበት ታውቃላችሁ። ጥቅምት 2015 ላይ የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ አገልግሎቶቹ ቀስ በቀስ ሲመለሱ ምድጃዎቹም ተመልሰው ነደዱ። ያንን ዘመን ያለፈ ልጅ ፈተና ጨርሶ ፒዛ ሲለኝ ቅብጠት ነው ብዬ ለመቆጣት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። አቅም ያለው ሰው ልጆቹን ቢያስደስት ምንዳ እንጂ ወቀሳ የለበትም።

ጥሩ ቤት በምን ይታወቃል?

ከሊጡ እንጀምር። ሕምባሻ የምትጋግር እናት ፒዛን ለመገምገም ሌላ መምህር አያስፈልጋትም። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ልዩነቱ ያለው በትዕግሥት ነው። የናፖሊ ጋጋሪዎች ሊጡን ቢያንስ 8 ሰዓት ያሳርፉታል፤ ቀን ሙሉ የሚያቆዩትም አሉ። በመቀሌ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውኃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሊጥም ቶሎ ይነፋል። የተነፋ ሊጥ ሁሉ ግን የበሰለ ጣዕም የለውም። የሚያውቅ ጋጋሪ እርሾውን ይቀንስና ሊጡን በማቀዝቀዣ ያሳድረዋል። «ሊጡን መቼ አቦካችሁት?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ማታ» የሚላችሁ ቤት ጥሩ ምልክት ነው። «አሁን» ካላችሁ ሆድ የሚነፋ ፒዛ ልትበሉ ነው።

ከዚያ ምድጃው። በናፖሊ የእንጨት ምድጃው ወደ 480 ዲግሪ ይግላል፤ ፒዛው በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ይወጣል። የብዙ ካፌዎቻችን ምድጃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ በ250 ዲግሪ ቢሆን አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ይህ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ምድጃው ሳይግል ሲከተት፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግማሽ የበሰለውን መልሶ ማሞቅ ነው። በአንዳንድ ትንንሽ ካፌዎች ቂጣው ጠዋት ተጋግሮ ይደረደርና ሲታዘዝ ድልህና ፎርማጆ ተቀብቶ ይሞቃል። እሱም ይበላል፤ ግን የአዲስ ፒዛ ዋጋ አይከፈልበት።

አዲስ ቤት ስትሞክሩ ብዙ ነገር የተቆለለበትን አትዘዙ። ማርገሪታውን ወይም የአትክልቱን እዘዙ፤ እዚያ ውስጥ ጥፋት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ሲመጣ ጠርዙን አንሱና ከሥሩ ተመልከቱ። ቡናማ ነጠብጣብ ካለው በስሏል፣ ነጭ ከሆነ አልበሰለም፣ ጥቁር ከሆነ አሯል። መሐሉ ላይ ውኃ ካቆረ ቲማቲሙ አልተንጠፈጠፈም ማለት ነው። ከራያ የሚመጣው ቲማቲም በወቅቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ የቆርቆሮ ድልህ ብቻ የሚቀባ ቤት ግን በኮምጣጣው ይታወቃል። ዘይት ከላይ ከተኛ ደግሞ ፎርማጆው ርካሽ ነው፤ በአትክልት ዘይት የሚሠራ ፎርማጆ የሚመስል ነገር አለና።

ሥጋው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በአገራችን የአሳማ ሥጋ ሥጋት ብዙ አይደለም። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አሳማ አይበሉምና። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የውጭ እንግዶች በሚያዘወትሯቸው ትልልቅ ሆቴሎች ሳላሚ፣ ሞርታዴላ ወይም ካም የሚል ስታዩ ነው። የበሬ ሞርታዴላ አለ፣ የአሳማም አለ። በጣሊያንና በአሜሪካ የምትኖሩ ልጆቻችን ደግሞ አንድ ቃል እንዳያምታታችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፔፐሮኒ ብዙውን ጊዜ አሳማ የገባበት ቋሊማ ነው፤ በጣሊያን ግን ፔፔሮኒ ማለት ቃሪያ ነው። ሚላኖ ውስጥ ቃሪያ ፈርቶ የተመለሰ ሊኖር ይችላል፤ ኒውዮርክ ውስጥ ቃሪያ መስሎት ያዘዘም እንዲሁ።

በመቀሌ ያለው ጥያቄ የእርዱ ነው። ከቂጣው ላይ የሚበተነው የተፈጨ ሥጋና ዶሮ ማን ያረደው ነው? በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ጉዳይ መነሳቱን፣ ዑለማኦችም በሰፊው መነጋገራቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የአገራችን ሙስሊም ግን ከጥንት ጀምሮ ሙስሊም ያረደውን ሲበላ ኖሯል፤ ክርስቲያኑም የራሱን። ሥጋ ቤቶቻችን በር ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል የሚታየው ለዚህ ነው። በዚህ ንግግር ያንን የኖረ ልማድ ለማፍረስ አልተነሳሁም፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠየቅ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገብቶ «ምግባችሁ ንጹሕ ነው?» ይላል። ይህ ስድብ ነው። ክርስቲያኑ ባለቤት ምግቡ ቆሻሻ የተባለ ይመስለዋል፤ ተቆጥቶም ይሁን አፍሮ «አዎ» ይላችኋል፣ እናንተም ምንም ሳታውቁ ትወጣላችሁ። «ሥጋውን የምትገዙት ከየትኛው ሥጋ ቤት ነው?» በሉ። የሚመለሰው የቦታ ስም ነው፤ ከተማው ደግሞ ሥጋ ቤቱን ያውቀዋል። ልምዴን ብነግራችሁ ክርስቲያን ባለቤቶች በዚህ ጉዳይ ከማንም የበለጠ ግልጽ ናቸው። «ኡስታዝ፣ የእኛ ሥጋ ነው፣ ለእርስዎ በአትክልት ይሠራልዎት» ይላሉ። ምክንያቱም እነሱም ሙስሊም ቤት ሲገቡ ይህንኑ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለሁለታችንም አዲስ አይደለም።

ባለቤቱ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ምርመራ አታብዙ። ማን አረደው፣ ቢስሚላህ ብሏል ወይ እያሉ ማስጨነቅ አይገባም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ሰዎች ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሥጋ ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ በላተኛው ራሱ የአላህን ስም ጠርቶ እንዲበላ ነበር።

ፎርማጆው

አባታቸው ፎርማጆውን መጠርጠራቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ እንዲያውም ያወቁ ሰው ናቸው። የእናቶቻችን አይብ ከአሬራ ነው። ቅቤው ወጥቶለት የቀረው አሬራ ለዘብ ባለ እሳት ሲሞቅ ራሱ ይቋጠራል፣ ሌላ ማርጊያ አይፈልግም። ስለዚህ አያቶቻችን ስለ አይብ ሐላልነት ጠይቀው አያውቁም። ሞዛሬላና ፕሮቮሎን ግን ሌላ ናቸው። ወተቱ የሚረጋው ፉቀሃኦች ኢንፈሓ በሚሉት ነገር ነው። ጥንት ኢንፈሓ የሚገኘው ወተት ከሚጠባ ጥጃ አራተኛው የሆድ ክፍል ነበር። የረጋው ወተት በፍል ውኃ እየታሸ ይሳባል፤ ስንቆርሰው እንደ ክር የሚሳበው ለዚህ ነው። ጥጃው በሸሪዓ ካልታረደ ፎርማጆው ምን ይሆናል? የጥያቄው መነሻ ይህ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ሶሐቦች ዒራቅን ከከፈቱ በኋላም ተነስቷል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ኢንፈሓው ንጹሕ ነው ብለዋል። በሻፊዒና በማሊኪ መዝሃቦች የታወቀው አቋም ሳይታረድ ከሞተ እንስሳ ከሆነ ነጃሳ ነው የሚል ነው። ከኢማም አሕመድ ሁለት ንግግር ተላልፏል። ኢብኑ ተይሚያ ንጹሕ ነው የሚለውን መርጠዋል፤ ማስረጃቸውም ሶሐቦች የመጁሶችን ፎርማጆ መብላታቸው ነው። መጁሶች ያረዱት ሥጋ እንደማይበላ ልብ በሉ፤ ፎርማጆአቸው ግን ተበልቷል።

ከዚህም በላይ ዘመኑ ነገሩን ቀለል አድርጎታል። ዛሬ አብዛኛው የፋብሪካ ፎርማጆ የሚረጋው ከጥጃ ሆድ በወጣ ነገር አይደለም። ከሻጋታ ዓይነቶች የሚገኝ ማርጊያ አለ። ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት በፋብሪካ የሚመረት ኢንዛይም ገበያውን ይዟል፤ ርካሽ ስለሆነ። ስለዚህ መጠንቀቅ የሚፈልግ ሰው የፎርማጆውን ማሸጊያ አሳዩኝ ይበል። «ማይክሮቢያል» ወይም «ቬጀቴሪያን» የሚል ካለበት ጉዳዩ አለቀ። ምንም ካልተጻፈ የፈለገ ይተው፤ የበላውን ግን ሐራም በላህ አይበለው። ዑለማኦች በተለያዩበት ጉዳይ ወንድማችንን ማውገዝ ከፎርማጆው የከበደ ነገር ነው። ለአባታቸው የምለው ይህንኑ ነው፤ ለራስዎ መጠንቀቅዎ ያስመሰግንዎታል፣ ልጁን ግን በዚህ አያስጨንቁት።

ረቡዕና ዓርብ

አንድ ብዙዎች ልብ ያላሉት መንገድ አለ። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን፣ ከሥጋና ከወተት ይጾማሉ። ፒዛ ቤቶቹም ገበያቸው እንዳይቆም የጾም ፒዛ ይሠራሉ። ቂጣ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ አንዳንዴ ድንች፤ ሥጋም ፎርማጆም የለበትም። ለሙስሊም ቤተሰብ ከዚህ ያነሰ ጥያቄ ያለበት ፒዛ የለም። ያውም ጾመኛው ብዙ በሆነበት ቀን ቢላውም፣ መክተፊያውም፣ ምድጃውም ሥጋ ሳይነካቸው የመዋል ዕድላቸው ሰፊ ነው። የእነሱ ጾም ለእኛ ምቾት ሆነ። በሌላ ቀን ከሆነ የቱና ፒዛ አለ፤ ዓሣ እርድ አያስፈልገውምና። ቱናው ላይ ፎርማጆ ስለሚበተን የማይፈልግ ያለ ፎርማጆ ብሎ ማዘዝ ይችላል።

ቢላውን በተመለከተ ሥጋ የቆረጡበት ከሆነ ታጥቦ እንዲቆረጥላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ከዚያ ወዲያ ግን ወስዋስ ውስጥ አትግቡ። ጋጋሪውን እጅህን ስንት ጊዜ ታጠብክ እስከማለት የደረሱ ሰዎች አይቻለሁ።

ቢራና ወይን የሚቀርብበት ቤት ግን ሌላ ነው። አስካሪ መጠጥ ከሚቀርብበት ማዕድ መራቅ በሐዲስ የታዘዝነው ነው። ከልጆች ጋር ሆኖ ጭማቂና ሻይ ብቻ የሚሸጥ ቤት መምረጥ ይሻላል፤ በመቀሌ እንዲህ ያለ ካፌ አይጠፋም። ካልሆነም አስጠቅልሎ ቤት መውሰድ ይቻላል። የተጠቀለለ ፒዛ ግን በእንፋሎቱ ይረጥባል፤ ካርቶኑን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ያዙት፣ ቤት ስትደርሱ በጋለ ምጣድ ላይ ለሁለት ደቂቃ ብታሳርፉት ሥሩ ይመለሳል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁሉም ነገር እንደተወደደ አውቃለሁ። ለአራት ልጆች አራት ትንንሽ ማዘዝ ኪሳራ ነው። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፒዛ 314 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ 30 የሆነው ደግሞ 707። አንድ ትልቅ ከሁለት ትንንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ትንንሽ ያነሰ ነው። አንድ ሰሐን ከበው የሚበሉ ልጆች በረካውንም ያገኛሉ።

አቅም ካልፈቀደ ቤት ይጋገራል። በዓረብ አገር ቤቶች ሲሠሩ ፒዛ መጋገር ተምረው የተመለሱ እህቶቻችን በየሰፈሩ አሉ፤ ጠይቋቸው። የሕምባሻ ሊጥ ቀጠን ተደርጎ በጋለ ምጣድ ይጋገርና ይገለበጣል፣ ቲማቲም በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ቁሌት ይሠራለታል፣ ከላይ አይብ ይበተንበትና ምጣዱ ይከደናል። አይቡ እንደ ሞዛሬላ አይሳብም። ልጆች መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይጨርሱታል።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። እህቴ፣ ልጁን ለአባቱ አይክሰሱት። አንድ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ሁላችሁም አብራችሁ ውጡ፤ በዚያ ሰዓት ምድጃው ግሏል፣ ወረፋው ገና አልበዛም፣ መግሪብም አያልፋችሁም። ትልቁ ልጅ የሚያውቀውን ቤት እሱ ይምረጥ። ሥጋው ከየት እንደሚመጣ፣ የፎርማጆው ማሸጊያ ምን እንደሚል፣ ሊጡ መቼ እንደተቦካ አባቱ አጠገቡ ቆመው እሱ ራሱ ይጠይቅ። መልሱ አባቱን ካላሳመናቸው የጾም ፒዛ አዝዛችሁ ብሉ። ካሳመናቸው ደግሞ ምን እንደሚታዘዝ እሳቸው ይምረጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ታሸጉ ምግቦችና በማሸጊያቸው ላይ ስለሚገኙ ምልክቶች ከእናንተ በደረሱን ጥያቄዎች እንነጋገራለን፤ ኢንሻአላህ።